አያቴ በአቶ ደምሴ ላይ የሰጡት ፍርድ

ባለፈው ሰሞን ጂንካ ሄጄ፣ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ዳር ሳልፍ፣ አንድ ጠጋኝ በረንዳው ላይ ጀርባው የተከፈተ አሮጌ ቴሌቪዥን አስቀምጦ ሲጎረጉር አየሁ። ያ ከኋላው የቆዘረው ዓይነት ነው፤ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ የማይነሳው። ጠጋኙ ሶኬቱን ሲሰካው መጀመሪያ ጥዝ የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ የሞቀ አቧራ ሽታ መጣ።

"ይህን ዛሬ ማን ያየዋል?" አልኩት።

"ባለቤቱ አልጥልም ብሎኝ ነው። ሰው የማያደርገው ምን አለ ብለሽ ነው?" አለኝ።

ሽታው ይዞኝ ሄዶ ነበር። ለኔ ያ ሽታ የእሁድ ምሽት አንድ ሰዓት ነው፤ ቤታችን በሰው ሞልቶ፣ አያቴ ከጎኔ ተቀምጠው፣ እናቴ ውጭ አንቴና ይዛ።

እኛ ቤት ቴሌቪዥን የገባው ስድስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ነው። አባቴ አናጢ ስለነበር ሳጥን ሠራለት፤ ባለ ሁለት መዝጊያ፣ ባለ ቁልፍ፣ በቫርኒሽ የተወለወለ። ሳጥኑ ከቴሌቪዥኑ ይበልጥ ያምር ነበር ብል አልዋሸሁም። ቁልፉን እናቴ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ትውላለች። ከአቧራና ከኔ ለመጠበቅ ነው ትል ነበር፤ ከሁለታችን ማናችንን የበለጠ እንደምትፈራ ግን ተናግራ አታውቅም።

በዚያን ጊዜ የከተማችን መብራት በጀነሬተር ነበርና የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነው። አንቴናው ከጣሪያው በላይ በተተከለ ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ታስሯል። ስርጭቱ ሲበላሽ ቀርከሃውን የምታዞረው እናቴ ነች። አባቴ ሲያዞረው ሚስማር እንደሚመታ ሰው ይታገለዋል ብላ ከልክላዋለች። እሷ ውጭ ሆና "አሁንስ?" ትላለች፤ እኛ በመስኮት "ትንሽ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው! አይ፣ አለፈ! ወደ ገበያው መልሺው!" እያልን እንጮሃለን። ጂንካን የማያውቅ ሰው በመንገድ ቢያልፍ እማዬ ከጣሪያችን ላይ አውሮፕላን ልታስነሳ ነው ብሎ ያስብ ነበር።

ቴሌቪዥናችን ጥቁርና ነጭ ነበር። እኔ ደግሞ ከጂንካ ወጥቼ አላውቅም። ስለዚህ አዲስ አበባ ቀለም የሌላት ከተማ ትመስለኝ ነበር። ሰዎቿ ግራጫ ልብስ ለብሰው፣ ግራጫ ብርቱካን እየላጡ፣ ግራጫ ሰማይ ሥር የሚኖሩ ይመስለኝና አዝንላቸው ነበር። ክፍላችን ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ቀይ ሹራብ ለብሳ ስትገባ፣ እዚህ ደርሳ ነው የገዛችው ብዬ ለጓደኞቼ አስረድቻለሁ።

አያቴ የመጡት የዚያ ዓመት በልግ ሲገባ ነው። የእናቴ አባት ናቸው። ከጂንካ ወደ ላይ፣ ደጋው የአሪ አገር፣ በእንሰትና በኮረሪማ መሀል ይኖሩ ነበር። እናቴ ሄዳ ይዛቸው መጣች። በሩ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው መቃኑን ዳሰሱት። ከዚያ በፊት እኛ ቤት ሲመጡ መጀመሪያ የሚዳስሱት የኔን ጭንቅላት ነበርና፣ መቃኑ ስለቀደመኝ ቅር አለኝ።

ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል ተባለ። ሞራ ሲባል እኔ የማውቀው የበሬውን ነው። ስለዚህ አባባ ጮማ አብዝተው በልተው ስቡ ወደ ላይ ወጥቶባቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወጥ ላይ ጮማ ባየሁ ቁጥር ከፊታቸው እያነሳሁ እኔ እበላው ጀመር። እናቴ አንድ ቀን ያዘችኝና "ምን ሆነሻል?" ብትለኝ "እያከምኳቸው ነው" አልኳት። አባቴ ምግቡ ትን እስኪለው ሳቀ።

ለምን እንዳመጣቻቸው ቆይቶ ነው የገባኝ። በልጉ ሲያበቃ የዓይን ሐኪሞች ለቀናት ወደ ሆስፒታላችን እንደሚመጡ ተነግሮ ነበር። እናቴ እስከዚያ ልታቆያቸው ፈለገች። አያቴ ደግሞ ዓይናቸው ላይ ስለት እንደማያስነኩ በአንድ ቃል ተናግረዋል። "በዚህ ዓይን የማየውን አይቻለሁ። የቀረኝ መተኛት ነው፤ እሱን ደግሞ ቤቴ እተኛለሁ" አሉ። በየማለዳው ዱላቸውን ይዘው "ዛሬ ልሂድ" ይላሉ፤ እናቴ በየማለዳው ሰበብ ትፈልጋለች። ዛሬ ዝናብ ነው። ዛሬ መኪና የለም። ዛሬ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት፣ ማን ይሸኝሃል።

ልብስ ስናጥብ እናቴ የነገሩን ሥር ነገረችኝ። አያቴ አገራቸው ላይ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ድንበር የተገፋ፣ ከብት የጠፋበት፣ ከሚስቱ የተጣላ ሁሉ ትልቁ ዛፍ ሥር ከሳቸው ፊት ይቀመጥ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለት ሰዎች በመሬት ተካስሰው መጡ። አያቴ አዳምጠው ሲጨርሱ በዳዩን ሊገስጹ ዞሩ፤ የዞሩት ግን ወደ ተበዳዩ ነበር። ድንበሩ የተገፋበትን ሰውዬ "አንተ የሰው ድንበር የምትገፋ!" ብለው ገሰጹት። ከዳር አንድ ሰው ሳቀ።

"ከዚያን ቀን ወዲህ ዛፉ ሥር ተቀምጦ አያውቅም" አለች እናቴ፣ የአያቴን ጋቢ እየጠመዘዘች። "ሞት አይደለም የሚፈራው። ያን ሳቅ ነው።"

እኔ ያን የሳቀ ሰው ባገኘው በድንጋይ እፈነክተዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። እናቴ ከዚያ የተሻለ ነገር አሰበች፤ በድንጋይ ፈንታ ቴሌቪዥን አዘጋጀች።

በዚያ ሰሞን እሁድ እሁድ አንድ ተከታታይ ድራማ ይታይ ነበር። አንድ ነጋዴ ይሞታል፤ በለቅሶው ማግስት መጋዘኑ ይቃጠላል፤ ዘበኛውም አብሮ ሞተ ይባላል። ማን አቃጠለው? ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። የሟች ወንድም አቶ ደምሴ አለ፤ ድምፁ ወፍጮ ነው፣ ሲናገር የሳጥናችን መዝጊያ ይንቀጠቀጣል። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አስካለ አለች፤ ሁልጊዜ ታለቅሳለች። የቤተሰቡ ወዳጅ ጠበቃው አቶ ፍሥሐ ደግሞ አለ፤ ድምፁ ቅቤ፣ መሐረብ ከኪሱ አይጠፋም፣ እያባበለ ያጽናናታል። እናቴ "እንዲህ ያለ ሰው በኛ ጸሎት ቤት ጉባኤ ቢኖር!" ትል ነበር።

በመጀመሪያው እሁድ አያቴ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ በሩ ዞረው ተቀመጡ። እናቴ ሳጥኑን ከፍታ ወጣችና አንቴናውን አስተካከለች። ድራማው ተጀመረ። አቶ ደምሴ ጮኸ።

አያቴ ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ። "ማን ነው ይሄ በሰው ቤት የሚጮኸው?" አሉ በአሪኛ።

"አቶ ደምሴ ነው" አልኳቸው።

"ምን አድርገውት ነው?"

ነገርኳቸው። አማርኛ የገበያውን ያህል ይሰማሉ፤ የክርክር አማርኛ ግን ያመልጣቸዋል። ስለዚህ እኔ እግራቸው ሥር ተቀምጬ የተባለውን በአሪኛ እመልሳለሁ፤ የሚታየውንም እነግራለሁ። ክፍሉ ሲያልቅ አያቴ ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዱላቸውን አልጠየቁም። "እሁድን ላሳልፍና እሄዳለሁ" አሉ። የሚቀጥለውም ሰኞ እንዲሁ አሉ። እናቴ ማጀት ገብታ በእጇ አፏን ይዛ ስትስቅ አየኋት።

ጎረቤታችን ጋሽ ማርቆስ የራሱን ዱካ ይዞ ይመጣ ነበር። ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲሸምን ዝም ስለሚል፣ ያጠራቀመውን ወሬ ሁሉ እኛ ቤት ያራግፈዋል። በየክፍሉ መጨረሻ አቶ ደምሴን ያስራል፣ ይገርፋል፣ ይሰቅላል። አንድ እሁድ ነገሩ አላስችል ብሎት ወደ አያቴ ዞረ።

"አባታችን፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት። ይፍረዱበትና ይውጣልን!"

እኔ ይህን ስተረጉም አያቴ ፈገግ አሉ። ቀስ በቀስ ግን ፈገግታው ጠፋ።

"ፊቱን አላየሁትም" አሉ። "ፊቱን ሳላይ አልፈርድም።"

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ ሥራቸው ተናገሩ። በኛ ቤት ያን ያህል ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ነው። እሳቸው አገር ነገር የሚታየው በማለዳ ነው አሉ። ሽማግሌው ጀርባውን ለፀሐይ ይሰጣል፤ ተካሳሾቹ ፊታቸውን ለፀሐይ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ ነው። አፍ ሲናገር ሽማግሌ የሚያየው አፉን አይደለም። እጁን የት እንደሚያደርግ፣ ባላንጣው ሲናገር ምን እንደሚያይ፣ የልጆቹ ስም ሲነሳ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ነው የሚያየው።

"ጆሮ ብቻውን አንድ ጊዜ አዋርዶኛል" አሉ።

እናቴ ከበሩ አጠገብ፣ እጇ ገና በዝናብ እርጥብ እንደሆነ፣ "እንግዲያው እየው አባዬ" አለቻቸው። "ሐኪሞቹ ሊመጡ ነው። ፊቱን እየውና ፍረድ።"

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያቴ ጠርተው አስቀመጡኝ። "ይህ ደምሴ ምን ይመስላል?" አሉ።

"ጥርሱ የጅብ ነው። ዓይኑ ቀይ ነው። ሲራመድ መሬቱ ይሰነጠቃል።"

"እጁንስ የት ያደርገዋል?"

"እ... አላየሁትም።"

"ልጄ፣ አንቺ የምትነግሪኝ ጥላቻሽን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም" አሉ። ቀጥለውም፣ "ሐኪሞቹ መቼ ነው የሚመጡት ያለችው እናትሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ማጀት ድረስ እየጮህኩ ሮጥኩ፤ እግረ መንገዴን አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ውሃ ደፍቼ እናቴ አልተቆጣችኝም።

ሐኪሞቹ በመጡ ቀን የሆስፒታሉ ግቢ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከዲመካ የመጡ አሉ፣ ከአልዱባ የመጡ አሉ፣ ከታች ከኦሞ ዳር ከዱስ የመጡም ነበሩ። አብዛኞቹ አንድ እጃቸውን በሚመራቸው ሰው ትከሻ ላይ አድርገዋል። አያቴ የኔን ትከሻ ያዙ። ነርሷ ስማቸውን ስትጠራ ተነሥተው በገበያ አማርኛቸው፣ "እህቴ፣ እኔ ይፈራል። ግን ይገባል" አሏት። ነርሷ ክንዳቸውን ይዛ "እኔም አለሁ አባባ" አለችና አስገባቻቸው። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ መጸለይ ጀመረች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ። እንዲህ ፈርታ አይቻት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የቀኝ ዓይናቸውን ፋሻ ሲያነሱላቸው እዚያው ነበርን። አያቴ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። እንባቸው ወረደ። ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። ከዚያ እናቴን ትክ ብለው አዩዋት።

"አንቺ!" አሉ ደንግጠው። "መቼ ነው የሸበትሽው?"

እናቴ በአንድ ጊዜ ሳቀችም አለቀሰችም። ሻሿን አውልቃ "ይኸው፣ ሁሉንም እየው!" ብላ አንገቷን ደፋችላቸው። ከጎናቸው የተቀመጡት አሮጊት፣ ፋሻቸው ገና ያልተነሳ፣ የምን ሳቅ እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ይስቁ ነበር።

የድራማው መጨረሻ ክፍል የታየው ከዚያ በኋላ በነበረው እሁድ ነው። ወሬው በሰፈሩ ተሰምቷል፦ የምሕረት አያት ዛሬ ደምሴን አይተው ይፈርዳሉ። ምሕረት እኔ ነኝ። ከጸሎት ቤት እንደተመለስን ሰው መግባት ጀመረ፤ አንድ ሰዓት ሲቃረብ በሩ አልዘጋ አለ። የበልጉ የመጨረሻ ዝናብ ደግሞ ያን ቀን ይወርድ ጀመር። ነፋሱ ቀርከሃውን አጎበጠው፤ ስክሪኑ ነጭ ነጥብ በነጭ ነጥብ ሆነ። አባቴ ሊነሳ ሲል እናቴ "አንተ ተቀመጥ!" ብላ ላስቲክ ተከናንባ ወጣች። መጣ። ሄደ። መጣ። "እዚያው ያዢው! እንዳትነቃነቂ!" ብለን ጮህን። ቀርከሃውን በሁለት እጇ አቅፋ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ከለቀቀችው ድራማው የለም።

አያቴ ጉልበታቸው ሳጥኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው ተቀመጡ። "የቱ ነው ደምሴ?" አሉ። በጣቴ ነካሁት።

"ይሄ? ጥርሱ የጅብ ነው አላልሽኝም?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙን፤ ያን ጊዜ አገራቸው ላይ ምን እንደነበሩ ገባኝ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ እጅ ጸጥ አለ።

አቶ ደምሴ ይጮሃል። ወይዘሮ አስካለ ታለቅሳለች። አቶ ፍሥሐ መሐረቡን ይዞ ያባብላታል። አያቴ አንዱን ያያሉ፣ ሌላውን ያያሉ። የሚናገረውን ሳይሆን ዝም ያለውን ያያሉ።

"ይሄ ሰው አላቃጠለም" አሉ በመጨረሻ፣ ጣታቸውን ወደ ደምሴ ቀስረው።

ስተረጉመው ቤቱ ታመሰ። ጋሽ ማርቆስ ከዱካው ብድግ አለ። "አባታችን! ምነው! ሰፈሩ በሙሉ የፈረደበትን?"

"ይሄ ፈርቷል፣ ተናድዷል። ግን እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፤ የሚደብቀው የለውም። ያኛውን እዩት" አሉ፤ ጣታቸው ወደ አቶ ፍሥሐ ዞረ። "ሴቲቱን እያጽናና ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ከልቡ የሚያጽናና ሰው የሚያጽናናውን ያያል። እሱ የሚመጣበት ሰው አለ።"

"አቶ ፍሥሐ? ጠበቃው?" አለ አባቴ።

"እሱ ነው ያቃጠለው። ፈርጃለሁ።"

ይህን ከማለታቸው ምስሉ ጠፋ። ሃያ አፍ በአንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ጮኸ። "እማዬ! ወደ ገበያው! ወደ ገበያው!" ከውጭ "እጄ ሞተ እኮ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቢሆንም ቀርከሃው ሲንቋቋ፣ ስክሪኑ ሲጠራ አየን።

ድራማው ውስጥ በሩ ተከፈተ። የገባው የመጋዘኑ ዘበኛ ነበር፤ ሞቷል ተብሎ የነበረው። እጁ በእሳት ተቃጥሎ ተጠቅልሏል። ቤት ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ አየ፣ አየ፣ አየና ያን የተጠቀለለ እጁን ወደ አቶ ፍሥሐ ዘረጋ። የአቶ ፍሥሐ መሐረብ መሬት ወደቀ።

ያን ጊዜ የተነሳውን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። ሰው ሰውን ያቅፋል፣ አባቴ ሳጥኑን ይደበድባል፣ ያን ያህል የተጠነቀቀለትን ሳጥን። ጋሽ ማርቆስ አያቴ እግር ሥር ተንበርክኮ "ይማሩኝ አባታችን፣ ሰው ሰቅዬ ነበር!" ይላል። እኔ በመስኮት ግማሽ አካሌን አውጥቼ "እማዬ! አባባ ትክክል ናቸው! ፍሥሐ ነው! አባባ አዩት!" ብዬ ጮህኩ። እናቴ የድራማውን መጨረሻ አላየችም። ቀርከሃውን ለቀቀችና ዝናቡ ላይ እልል አለች፤ ቤት ውስጥ ምስሉ ጠፋ፣ ማንም ግድ አልሰጠውም።

አያቴ ሰኞ ጠዋት ሄዱ። በዚህ ጊዜ እናቴ ሰበብ አልፈለገችም።

ትምህርት ሲዘጋ እኔና እናቴ ልንጠይቃቸው ወጣን። ገና ማለዳ ነበር፤ ጤዛው አልረገፈም። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ዛፉ ሥር ሰዎች ተሰብስበዋል። አያቴ በመሀላቸው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሁለት ሰዎች ብርሃኑ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ይከራከራሉ። እናቴ "አባዬ!" ብላ ልትሮጥ ተነሣች።

አያቴ ከሩቅ አዩን። ማን እንደሆንን ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው አዩን። እጃቸውን አንሥተው፣ ቆዩ፣ ሥራ ላይ ነኝ አሉንና ፊታቸውን ወደ ሰዎቹ መለሱ።

እናቴ ባለችበት ቆመች። ያመጣነውን ዘንቢል መሬት አስቀመጠች። "ይኸው ያቁመን፣ ያቁመን እንግዲህ!" አለች፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ እየሳቀች። ሣሩ ላይ ተቀመጥንና፣ ፍርዱ እስኪያልቅ ጠበቅናቸው።